አየሩ ደህና ነው የሚለው ስክሪን

ውድ አባዬ፣

ሐኪሙ ቤትህ ሄደህ እረፍ ስላለህ ተኝተሃል፤ እማዬ አጠገብህ ተቀምጣ ትንፋሽህን ታዳምጣለች። እኔ ደግሞ ማዶ ክፍል ሆኜ እጽፍልሃለሁ። በአፌ ልነግርህ አልችልም፤ አውቅሃለሁ፣ ገና ስጀምር ወደ ቀልድ ታዞረዋለህ። «የእኔ ልጅ አይጥ አይታ ትስቃለች፣ ቁጥር አይታ ትደነግጣለች» ትልና እማዬን ታስቃታለህ። ዛሬ ግን ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

ጠዋት ወደ ፍሳሽ መስመሩ ስትወርድ፣ እንደ ልማድህ መሰላሉ ሥር የተሰቀለችውን የአየር መለኪያ እፍ እስክትላት እየጠበቅኩ ነበር። ትንፋሽህ ሲነካት ኦክስጅኑ ከሃያ ነጥብ ዘጠኝ ወደ አሥራ ሰባት ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ እኔም ቢሮ ሆኜ ስክሪኔ ላይ አየዋለሁ። ይኼ የእኔና የአንተ ሰላምታ ነው፤ እዚያ ላለ ሰው የሥራ ጉዳይ ይመስለዋል። ዛሬ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያ ያኮረፍከኝ መስሎኝ ነበር፤ ትናንት ጡረታ ውጣ ስልህ ሳህንህን ገፍተህ ተነስተህ የለ።

ለኃላፊው ነገርኩት። «ረስቶት ነዋ፣ ሰው አይደል እንዴ» አለኝ። በመገናኛ ሬዲዮ ከእናንተ ጋር የምታወራዋ እትዬ ግን ቀና ብላ አየችኝና «እሱ? ረስቶ አያውቅም» አለች። አንተ ግባ የተባልከው በእሷ አፍ ነው፤ እሷ ደግሞ ግባ ያለችህ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ስላየችው ነው።

መለኪያዎቹ ወደ ሰርቨሩ፣ ወደ ቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ የላኩትን መልእክት ከፍቼ አየሁ። ይልካሉ። ለእያንዳንዱም «ደርሶኛል» የሚል መልስ ተሰጥቷል። አንድም ስህተት የለም። እንዲህ ሁሉ ነገር ሰላም ሲሆን ነው እኔ የምፈራው።

አባዬ፣ ሥራዬን ሁሌ «ኮምፒውተር ትነካካለች» ብለህ ታልፈዋለህ፤ አሁን ግን ትንሽ ታገሠኝ። መለኪያዎቹና የእኛ ስክሪን የሚገናኙት በአንድ ፕሮግራም በኩል ነው። እዚያ ውስጥ ሰርቭሌት የሚባል አለ፤ ከውጭ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደሚመለከተው ክፍል የሚያስገባ፣ በር ላይ የተቀመጠ እንግዳ ተቀባይ በለው። የማን መልእክት ወደ የትኛው ሰርቭሌት እንደሚሄድ የሚጻፈው አንድ የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ነው። ትናንት ከሰዓት አዲሱ ባልደረባችን የደንበኞች ቅሬታ መቀበያ ገጽ ሲጨምር፣ መለኪያዎቹን ወደ ሰርቭሌታቸው የምትመራውን መስመር ሳያውቅ ሰርዟታል። ሰርቭሌቱ ግን በቦታው አለ፤ ፕሮግራሙም ስሙን ፈልጎ ስላገኘው አንዲት ስህተት ሳያሳይ ተነሳ። መንገድ ያጣው መልእክት ሁሉ ወደ ቅሬታው ገጽ ይገባል፤ እሱ ደግሞ የመጣለትን ሁሉ «ደርሶኛል» እያለ ይጥለዋል። ስክሪኑ አዲስ ቁጥር ሲያጣ የመጨረሻውን ይዞ ቁጭ አለ። ዛሬ የወረድከው በትናንት አየር ነው።

ይህን እንዳየሁ ከወንበሬ ተነሳሁ። «አባዬን አስወጡት» አልኩ።

«ዝናብ ሳይመጣ ያ የተዘጋ የፍሳሽ መስመር ካልተከፈተ ሰፈሩ በሙሉ ይጥለቀለቃል» አለ ኃላፊው። «መጀመሪያ አስተካክዪና ቁጥሩን አሳዪኝ።»

እትዬ እሱን አልሰማችውም። ሬዲዮውን አንስታ ላይ ሆኖ ገመድህን የያዘውን ድንቡሼን ጠራችው።

«አውጣው፣ ቶሎ በል።»

«ኩርባውን አልፏል፣ ድምፄ አይደርሰውም።»

«ገመዱን ሳብ አድርገዋ።»

«ስቤዋለሁ» አለ ድንቡሼ። «መልሶ አልሳበልኝም።»

እኔ መስመሯን መልሼ እየጻፍኩ ነው። አንዲት እዝባር፣ ያቺን ዘንበል ያለች ጭረት፣ ዘልዬ ሰርቨሩ አልነሳም አለ። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አስነሳሁ። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ከከንፈሬ ላይ ቆዳ እየላጥኩ ነበር፤ አሁን ነው ያመመኝ። ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ። መሰላሉ ሥር ያለችው ደህና ነች። ከኩርባው ወዲያ ያለችው ቀይ ናት፤ ኦክስጅኑ አሥራ ስድስት ገብቷል፣ የፍሳሹ መርዛማ ጋዝም ከልክ አልፏል። ኃላፊው ራሱ «አውጡት፣ አውጡት» እያለ ሬዲዮውን ከእትዬ እጅ ሊነጥቅ ደረሰ።

«ወገቡ ላይ የሚያስረው የእጅ መለኪያስ?» አልኩ። «እሱ ይጮህለት የለም ወይ?»

«መኪናው ውስጥ ነው» አለ ድንቡሼ። «ልጄ ታየኛለች፣ ይኼን ኮተት ለምን እሸከማለሁ ብሎ ከተወው ቆይቷል።»

ድንቡሼ ገመዱን ለሾፌሩ ሰጥቶ፣ የአየር ጭንብሉን አጥልቆ ወረደ። እትዬ እጄን ይዛ «በርቺ፣ ይወጣል» ትለኛለች፤ የእሷም እጅ በረዶ ሆኗል። ሬዲዮው ይንሾካሾካል እንጂ የሚናገር የለም። አባዬ፣ በዚያች ሰዓት ለእማዬ ምን ብዬ እንደምነግራት ቃላት እየመረጥኩ ነበር። ከዚያ «ማነው ሥራ የሚያስፈታኝ?» ስትል ሰማሁህ። ምላስህ ተሳስሮ ነበር።

አሁን ሁሉም ጎበዝ ይለኛል። አንተም ሐኪም ቤት ተኝተህ ለነርሷ «አየሻት ልጄን? ከዚያ ሆና ነው ያየችኝ» ስትላት ሰማሁ። ከቀኑ ሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ይኼ ነው። ሻይ ልቀዳ ተነስቼ ቢሆንስ? እውነት አኩርፈኸኛል ብዬ ነገሩን ትቼው ቢሆንስ? ዛሬ ያቺን መስመር የሰረዘ ሌላ ሰው ነው፤ ነገ እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ስክሪኑም እንደዛሬው አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቅሃል። አንተ ደግሞ እንደዳንክ ትወርዳለህ፤ ማን ይከለክልሃል።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። መለኪያህን ወገብህ ላይ እሰር። ከጮኸ ውጣ፤ ቢሮው ደህና ነው ቢልህም፣ እኔ ራሴ ደህና ነው ብልህም ውጣ። እንደማትወደው አውቃለሁ፤ በእኔ ስትኮራ ደስ ይለኛል፣ ውሸቴን አይደለም። ግን ልጄ ታየኛለች እያልክ ለሰው አትንገር። አላይህም አባዬ። የማየው ቁጥር ብቻ ነው።

ፍርሃቱ ገና ያልለቀቃት
ልጅህ