የኋላው ጎማ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15 ቀን 2016

ዛሬ የማውንቴን ሳይክሌን ጎማ አስቀየርኩ።

ባለቤቴ አስቴር ደካ የምትባል ሩቅ ከተማ ተመድባ ከሄደች አምስት ወሯ ነው። እኔም ወደዚያ ዝውውር ጠይቄያለሁ። ቢሮ በሄድኩ ቁጥር «ታገስ» ይሉኛል። መታገስ ሰለቸኝ።

ሳይክል ሠሪው ጋሽ ወልዴ ሁለቱንም ጎማዎች በጣታቸው ዳሰሱ። የፊቱ ገና ደህና ነው። የኋላው ግን ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ በየጠዋቱ አስቴርን ከኋላ ጭኜ ታስተምርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ሳደርስ ያለቀ ነው።

«በዚህ ጭቃ የሚጥልህ የፊቱ ነው» አሉኝ። «አዲስ ከፊት እናስገባና የፊቱን ወደ ኋላ እናዙረው። ለአንድ ሰው ይበቃል። ከኋላ ሰው ትጭናለህ እንዴ?»

«እጭናለሁ» አልኩ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ቀና ብለው አዩኝ። እዚህ ቦንጋ ውስጥ ማን የት እንደተመደበ የማያውቅ የለም። ለኋላ ሁለት ሰው የሚችል ወፍራም ጎማ አወረዱልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ወፍራሙ ጎማ ለመንዳት ከበደኝ። ከቤታችን በታች ያለው ዳገት ጋ ስንደርስ እሷ ትወርድ ነበር፤ እኔ ሳይክሉን እየገፋሁ፣ ጎን ለጎን እያወራን እንወጣ ነበር። ዛሬ ብቻዬን ስለሆንኩ አዲሱ ጎማ ጭቃውን ጨብጦ ሊያወጣኝ ይችል ነበር። እኔ ግን እዚያው ቦታ ስደርስ ፍሬን ያዝኩና ወርጄ መግፋት ጀመርኩ።

ደረቁን ጠርዝ ለሷ ትቼ እኔ በጭቃው እየሄድኩ መሆኔን ያየሁት ግማሽ መንገድ ከወጣሁ በኋላ ነው።