ከዋሲላ ጎን

ነሐሴ 4 ቀን 2013፣ ሐይቅ
ገበያው ቀዝቃዛ። ማሽላ ይዞ የመጣ የለም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ፈረንጆች ከእህቴ ከዋሲላ ጋር በእህል ሱቄ ደጅ አለፉ። አንዷ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ሥራቸው ይኸው ነው... አብሮ መሄድ። ዋሲላ ወደ ዓረብ አገር የተሸጡ ልጆችን ጉዳይ ፍርድ ቤት ካደረሰች ወዲህ ደላሎቹ ይዝቱባታል። ፈረንጅ እያየ ግን ማን ይነካታል?
"ምን ይከፈላቸዋል?" አልኳት።
"በፈቃዳቸው ነው፣ ጋሼ።"
በነጻ የሚሠራ ሰው... እንጃ።

ነሐሴ 21
እኛ ቤት ወዳጃ፣ የዱዓ ስብስብ፣ ነበር። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሴትዮዋን፣ ኢንግሪድን፣ አጠገባቸው አስቀመጧት። ሲመርቁ "ክፉ ቀን አይለያችሁ!" አሉ። ዋሲላ ተረጎመችላት።
"አሚን!" አለች፣ ከሁላችንም ጮክ ብላ።
ሼሁ ሳቁ። "ይቺስ የወሎ ልጅ ናት!"
ልቤ ረጋ። ዱዓ ላይ አሚን ያለ ቃሉን አያጥፍም። እስከ ዛሬ ዋሲላን እንዳትመሰክር ስከለክላት ነበር። አሁን "እሺ፣ መስክሪ" አልኳት።

መስከረም 27 ቀን 2014
ውጫሌ ሄዳ መሰከረች። ዋናው ደላላ ከችሎት ሲወጣ አፈጠጠባት። ኢንግሪድን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ።

ጥቅምት 11
ከአምባሰል በኩል መድፍ ይሰማል። ኢንግሪድን "ልትሄዱ ነው ወይ?" ብዬ ጠየቅኳት።
"ያለ ዋሲላ አንሄድም" አለች፣ በተማረቻት ትንሽ አማርኛ።

ጥቅምት 13
ሄዱ።
የሚወስዳቸው መኪና ሲመጣ ዋሲላ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ነበር። "የተፈቀደው ለውጭ አገር ሰው ብቻ ነው" አለ ሾፌሩ። ኢንግሪድ አለቀሰች። እያለቀሰች ገባች። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር... አይቼዋለሁ።

ጥቅምት 14
ከወፍጮ ቤት ስትመለስ የደላላው ሰዎች ያዟት። ክንዷን ሰበሩት። "ፈረንጆችሽን ጥሪያቸዋ!" እያሉ።
ወጌሻ አሰራት። አላለቀሰችም።
እኔ እኮ እጄን እስከ ጆንያው ታች ሳልሰድ እህል አልገዛም። ሰውን ግን ከላይ አይቼ... በአንዲት አሚን!

ጥር 19
ጦርነቱ ከኛ ራቀ። የውጫሌ ችሎት ተከፈተ። ሱቁን ዘግቼ ከዋሲላ በቀኝ ሄድኩ። በግራ ሀጀራ፣ ከጅዳ የተመለሰችው፣ ዋሲላ የምትሟገትላት። ደላላው በር ላይ ቆሟል።
"ሀሚዱ! አንተም ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?"
"ፈረንጅማ ብሆን እሄድ ነበር" አልኩት።
ዋሲላ ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ ስትስቅ ገና ዛሬ።
ስንመለስ ኢንግሪድ ደወለች። በዚያችው በተማረቻት አማርኛ፣ "በቅርቡ እንመጣለን። ዋሲላን ብቻዋን አንተዋትም።"
"አሚን!" አልኳት። እሷ እንዳለችው፣ ጮክ ብዬ።