ጠበሉ ያልነካው ማዘርቦርድ

ውድ የንስሐ አባቴ መምሬ ሀብተ ሚካኤል፣

የደባርቅ ውርጭ በርትቷል፤ እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ደህና አይደለሁም። እርስዎም ደህና እንዳልሆኑ እናቴ ነግራኛለች፤ ጤናዎን የነሳሁዎት ደግሞ እኔ ነኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያሉ ስላሳደጉኝ ከሥሩ እጀምራለሁ።

መምህር የሺዋስ እዚህ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ወላጆች በግም እህልም ሸጠው ባዋጡት ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እንድገጣጥም ሲጠይቀኝ፣ እውነቱን ልንገርዎና ኮራሁ። የተማርኩበት ክፍል ነው። ከጥቁር ሰሌዳ በቀር ምንም ያልነበረበት ክፍል በእኔ እጅ ኮምፒውተር ሊገባበት ነው። ያኔ የመጣው ጥያቄ፣ የትኛው ማዘርቦርድ ይሁን የሚል ነበር።

ማዘርቦርድ የሚባለው ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚገናኙት በእሱ በኩል ነው። ጥሩው ወፍራም ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ክፍል ሙቀት የሚያበርድ ብረት ይለብሳል፤ ወደፊት ራም የሚባለውን የኮምፒውተር ማስታወሻ ልጨምር ቢሉም ቦታ አለው። ርካሹ ስስ ነው። የራም ማስገቢያው ሁለት ብቻ ነው፣ የብረት ልብስ የለውም፣ የገመድ መሰኪያው እንኳ ተቆጥቦ ነው የተሠራው። ቢሆንም ርካሹን አልሰድበውም። ለሚጽፍ፣ ለሚማር ልጅ ከበቂ በላይ ነው፤ ብዙ መብራት አይበላም፤ ቢበላሽ ለመተካት አያስጨንቅም። ከሁሉም በላይ፣ በጥሩው ቦርድ አንድ ጥግ ብቻ በሚሞላበት ገንዘብ በርካሹ ክፍሉ በሙሉ ይሞላል። ይህን ለየሺዋስ ስነግረው «እንግዲያ ርካሹን አድርጊው፤ ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ ከሚያረጁ» አለኝ።

ምርጫው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እሱኑ እመርጣለሁ። ጥፋቴ እንከኑን ውጬ ጥሩ ጎኑን ብቻ መናገሬ ነው። በሬ ሻጭ እንኳ ከእኔ ይሻላል፤ ቢያንስ «ይዋጋል» ብሎ ያስጠነቅቃል።

ርካሽ ማድረጌ ትንሽ ቅር ስላለኝ ግን በሌላ ልካስ ብዬ፣ ከአንድ ሎጅ ሥራ የተረፉኝን፣ ኮምፒውተሩ እንዳይግል ማዘርቦርዱ ላይ የሚታሰሩ ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ገጠምኩላቸው። ብረታቸው ከባድ ነው፤ የተሠሩት ለወፍራም ቦርድ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቢሠሩ ምንም አይሆኑም። ለመንገድ ግን እንዲህ ያለ ብረት ይፈታና ለብቻው ይጓዛል፤ ሲደርስ ይገጠማል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። የሚገጥመው ደግሞ እኔ ነኝና አብሬ መሄድ ነበረብኝ። በመንገዱ ያለው የሳንቃ በር አቧራ፣ የጨነቅ ብርድ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ታየኝና ሰለቸኝ። እንደተገጣጠመ ላክኩት። እስከ መካነ ብርሃን በአይሱዙ፣ ከዚያ በጭነኛው በሻረው በቅሎዎች። ሻረውም ጭነቱ ግራና ቀኙ እንዲመጣጠን ካርቶኖቹን በጎናቸው አስሮ ቁልቁለቱን ወረደ። ምን ያድርግ፣ ማን ነገረው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በዚያ ቀን የሆነውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ሽማግሌዎቹ «አዲስ ዕቃ ሳይባረክ አይነካም» አሉ፤ እርስዎም ጸሎት አድርሰው በሽፋኑ ላይ፣ በጣትዎ ጫፍ፣ ጠበል ረጩ። ከዚያ የሺዋስ ማብሪያውን ሲጫን አንዱ በራ፤ የቀጣዩ ማራገቢያ ዞረ እንጂ ስክሪኑ ጨለማ ሆነ፤ የሚቀጥለውም እንዲሁ።

የሺዋስ ደወለልኝ። «ስመኝ፣ ብዙዎቹ እምቢ አሉ። መምሬ ጠበል ረጭተውባቸው ነበር፤ እሱ ይሆን እንዴ?»

መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ ማቀዝቀዣዎቹ ናቸው። አፌ ግን «ውሃ ከነካውማ እንግዲህ ምን ይደረጋል!» አለ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ኖሯል። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሰማ፤ እርስዎም ጠበሉን እንደያዙ ሰሙ።

ቦርዶቹ ተመልሰው ሲመጡልኝ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ውሃ የገባበት ቦርድ ያስታውቃል፤ ይዝጋል፣ ነጭ ምልክት ይተዋል። እነዚህ ደረቅ ነበሩ። ከማቀዝቀዣው እግር ሥር ግን ከባዱ ብረት በመንገድ እየተወዛወዘ የተወው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘሁ፤ በአንዱም በሌላውም። ያኔውኑ ደውዬ መናገር እችል ነበር። ነገ እያልኩ አሳደርኩት። የሺዋስ «ሕዝቡ ነው ያዋጣው» ብሎ ለአዲስ ቦርድ የሚሆን ገንዘብ ሲልክልኝም ተቀበልኩ።

ከዚያ እርስዎ መጡ። የሱቄ በር ላይ ሲቆሙ ደንበኛ መስለውኝ ቀና እንኳ አላልኩም።

«እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጄ?»

ደንግጬ ተነሣሁ። መስቀል አሳለሙኝ። ወንበር ስሰጥዎ አልተቀመጡም።

«ላንዲት ጉዳይ ነው የመጣሁ። ሥራሽን አበላሸሁብሽ፤ ስምሽንም አስነሣሁብሽ። እኔ ባላገር ነኝ፣ የኮምፒውተሩን መኪና አላውቀው፤ በልማድ እጄን ሰደድኩ። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ አባቴ፣ እርስዎ እኮ...»

«የለም፣ የለም። አፍ አውጥተሽ ይቅር በይኝ። ሳትይኝ አልወጣም።»

የተሰነጠቀው ቦርድ በእኔና በእርስዎ መካከል ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ነበር። ጣቴን ዘርግቼ ላሳይዎ አሰብኩ። ከዚያ ሱቄ ታየኝ፣ ስሜ ታየኝ፣ ነገ በዚህ በር የሚገባው ሰው ታየኝ። «ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ያክብርሽ» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ሸክም ያወረዱ ይመስሉ ነበር። ሲወጡ በቅሎዎን ባጣት «በቅሎዎ የት አለች?» ብዬ ጠየቅኩ። «በእግር መሄድ ለነፍስም ይበጃል» አሉኝና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ አባቴ፣ ሳቅኩ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ አምሳል ለገበያ መጥታ እኔ ዘንድ አደረች። ራት ስንበላ «መምሬ እኮ ከሰው ቤት መግባት ትተዋል» አለችኝ።

«ለምን?»

«‹ጠበል ይርጩልን› ሲሏቸው ‹እጄ አይሆንም› ይላሉ። የጎረቤታችን የበለጠች ልጅ ሲታመም እንኳ ከሩቅ ሌላ ቄስ ተጠራ። የማታውቂውን ልንገርሽ? በቅሎዪቱንም ለዳባት ነጋዴ ሸጠው ገንዘቡን ለትምህርት ቤቱ ሰጡ። የሺዋስን ‹ለማንም አትናገር፣ አደራ› ብለውት ነበር፤ አገር ግን ያውቃል።»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ሕዝቡ ያዋጣው የተባልኩት ገንዘብ የእርስዎ በቅሎ ነበረች። በማግሥቱ ዳባት ሄድኩ። ነጋዴው ሕሩይ «እህቴ፣ እሷማ ወደ ቆላ ወረደች፤ የት ብዬ ልፈልግልሽ?» አለኝ። ሌላ እያፈላለግኩ ነው፤ እሷን ግን አልመልስልዎትም። በዚህ ዕድሜዎ ያንን ዳገት በእግርዎ ያስኬድኩዎት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን ደግሞ ልንገርዎ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። መጥቼ በንስሐ ልነግርዎ አሰብኩ። የንስሐ አባት የሰማውን አያወጣም። እርስዎ ይፈቱኛል፣ ቀኖና ይሰጡኛል፣ እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፤ ቀልሎኝ ወደ ሱቄ እመለሳለሁ። እርስዎ ግን እውነቱን እያወቁ፣ አፍዎን ዘግተው፣ የእኔን ጥፋት በስምዎ ተሸክመው ይኖራሉ። እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ለዚህም ነው ሐሳቡ የጣመኝ። ኃጢአቴን የማስቀምጥበት ጥሩ ቦታ አገኘሁ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ራሴን የተጸየፍኩት በማግሥቱ ነው።

ስለዚህ ይህ ንስሐ አይደለም። ንስሐዬን ሌላ ቀን ይቀበሉኛል፣ ከፈቀዱ። ይህ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ሰው ፊት ይነበባል። ለየሺዋስ የሰጠሁት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ነው። እርስዎ «ይበቃል» ቢሉት እንኳ እንዳያቆም ቃል አስገብቼዋለሁ። ይህን ጊዜ ብለውት ይሆናል። ይታገሡኝ፣ ሊያልቅ ነው።

ሰው ሁሉ ይስማልዎ፤ እርስዎ ያበላሹት ዕቃ የለም። የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ሳላይ በስልክ የፈረድኩብዎትም፣ አይቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። አዲሶቹን ቦርዶች ራሴ ይዣቸው መጥቻለሁ። እነዚህም ርካሾች ናቸው፣ እንከናቸውም ይሰማ፤ ስስ ናቸው፣ ከባድ ነገር አይችሉም፣ ራም ብዙ አይጨመርባቸውም፣ መብራት ሲዋዥቅ መጥፋት አለባቸው። ይህን ከጠበቁላቸው ልጆቹን ያስተምራሉ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተዘርግተዋል፤ እርስዎ ጠበል ሳይረጩባቸው ማብሪያቸውን የሚነካ የለም።

ሱቄ ውስጥ የሰጠሁዎትን ይቅርታ ይመልሱልኝ፤ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የሺዋስ ስሜን አንብቦ ዝም ሲል፣ ከሴቶቹ መካከል ወደ እርስዎ የምትመጣው እኔ ነኝ።

በደለኛ የመንፈስ ልጅዎ፣
ወለተ ማርያም፣ በዓለም ስሟ ስመኝ