የአባቴ ፊት ባለመብት ለሆኑት ለክቡርነትዎ

ለተከበሩ ኡስታዝ ሙኒር ደርዊሽ
የሸምዓዳን ፊልም ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ካይሮ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሰሞኑን እንቅልፍ ላጡት የሕግ ክፍል ባልደረቦችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ እዚሁ ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር የምኖር የኬሚስትሪ መምህርት ስሆን፣ ጠበቃዎ «የተሰረቀ ንብረት ማከማቻ» ብለው ያዘጉት የሚም ገጽ፣ ማለትም በምስል ላይ ቀልድ እየጻፍኩ የምለጥፍበት የኢንተርኔት ገጽ፣ ባለቤት ነበርኩ።

አባቴ ጋብር ዘህራን ሠላሳ ዓመት በፊልም ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ሲተውን ስሙ አንድም ቦታ አልተጻፈም። እርስዎ በወጣትነትዎ ዋና ተዋናይ በሆኑበት ፊልም ከፍቅረኛዎ ጋር ሲጣሉ፣ እሱ ሻይ ይዞ ከኋላ ቆሞ፣ ልሂድ ልቁም እያለ ሲጨነቅ ለስድስት ሰከንድ ይታያል። ከሞተ በኋላ ያቺን ምስል ወስጄ «እናንተ ቀጥሉ፣ ሻዩ እንደሆነ ቀዝቅዟል» ብዬ ጻፍኩባት፤ ከሥሯም ስሙን። ሰው ለመብራት መጥፋትም፣ ለአማት ጭቅጭቅም፣ ማለቂያ ላጣ ስብሰባም ይላላካት ጀመር። አትክልት ሻጩ ሳይቀር አባቴን እንደ አጎቱ «ዐም» ብሎ፣ «የዐም ጋብር ልጅ» ይለኝ ነበር። ገጹ ሲዘጋ ስሙም አብሮ ጠፋ፤ እኔም አምርሬ ተናደድኩ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጠበቃዎ በስልክ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ለቀልድና ለትችት ከፊልም ጥቂት መውሰድ ፍትሐዊ አጠቃቀም አይደለም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እመቤቴ፣ ፊቱ ያባትሽ ይሁን፤ ምስሉ ግን የኛ ነው። ማልቀስ ካማረሽ መቃብሩ ጋ ሄደሽ አልቅሺ» ብለው አስረድተውኛል።

2. የአባቴን ውል እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ መዝገብ ቤት እንደሚገኝ ስለገለጹልኝ እጅ እነሳለሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት አጃቢ ተዋንያን ጠዋት ጠዋት መሀል ከተማ ካፌ ተሰብስበው ይቀመጡ ነበር፤ መልማዩ መጥቶ በጣቱ «አንተ፣ አንተ፣ ባለ ጢሙ» ይላል፣ ውሉ ይኸው ነበር። መዝገብ ቤትዎ ያቺን ጣት አስቀምጧት ከሆነ ባያት ደስ ይለኛል።

3. ከሁሉ የላቀው ምስጋናዬ የረመዳን ድራማዎን ለማስተዋወቅ ያንኑ ምስል ከነጽሑፌ በኩባንያዎ ገጽ ላይ በመለጠፍዎ ነው። ምስሉ የእናንተ ይሁን፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። የማስታወቂያ ክፍልዎ ትጉህ ወጣቶች በትሪው ጠርዝ ላይ በደቃቁ የጻፍኩትን የገጼን ስም እንኳ ቆርጠው ማውጣት ረስተዋል። ቀልድ ነው እንዳይሉኝ ደግሞ ሥራዎን ሊሸጡበት ነው የለጠፉት።

እኔም ጠበቃዎ ገጼን ለማዘጋት የሞሉትን የአቤቱታ ቅጽ ወስጄ፣ «የተሰረቀ ንብረት ማከማቻ» የሚለውን ሳልቀይር በእርስዎ ገጽ ላይ ሞላሁት። የድራማዎ የመጀመሪያ ክፍል ሊተላለፍ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ገጽዎ ተዘጋ። አይቼ ደስ አለኝ፤ ዛሬም ደስ እንዳለኝ ነው።

ትናንት የሕግ ክፍልዎ አቤቱታዬን ካነሳሁ ገጼን እንደሚመልስልኝ ጽፎልኛል። ስለ ደግነቱ እያመሰገንኩ፣ በዚያ ፊልም የተዋንያን ዝርዝር ላይ «አስተናጋጅ፦ ጋብር ዘህራን» ተብሎ እስኪጻፍ ድረስ እንደማላነሳው በትሕትና አስታውቃለሁ።

የጽሑፎቿ ብቸኛ ባለመብት፣ የክቡርነትዎ ጤና ዘወትር የሚያሳስባት፣ አክባሪዎ
ኢንሻራህ ጋብር ዘህራን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፊት ቆሞ የሚጣላው መልከ መልካም ወጣት እርስዎ እንደሆኑ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ምስሉን ደግመው አዩና፣ «ቲቸር፣ የቱ? ያ ዐም ጋብርን የጋረደው ሰውዬ?» አሉኝ።