ታላቂቱ የጨረቃ ሚስት

ላንሲ፣ ጄኔቭ

ለምወድሽ እህቴ፣

ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? ጡትሽስ ወተት ሞላ? ሶልያናዬ እንቅልፍ ትሰጥሻለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አንቺ ቤት ቀርቷል።

ስራ አለኝ ብዬ ከዙሪክ በጊዜ የተነሳሁት ውሸቴን ነው። እረፍት ላይ ነበርኩ። ሶልያና ስታለቅስ ልቀበልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ አንቺ ግን እኔን አልፈሽ ለእማዬ ሰጠሻት። «እማዬ ትያዛት፤ አንቺማ የት ወልደሽ ታውቂያለሽ» አልሽኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እማዬም ቀና ብላ አላየችኝም። ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ «የአያቷ ልጅ» እያለች ስታባብላት ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። ባቡሩ ውስጥ እስከ ጄኔቭ ድረስ ቅናት ሲበላኝ መጣሁ።

እረፍቴ አልቆ ስራ ስገባ ላታ፣ አረጋውያን ማረፊያው ውስጥ አብራኝ ልብስ የምታጥበው ሕንዳዊት፣ ፊቴ መጥቆሩን አየች። ልታጫውተኝ ብላ የሶልያናን ኮከብ ልይላት አለችኝ። (ለፓስተራችሁ እንዳትነግሪብኝ።) በእነሱ ዘንድ ጨረቃ ወንድ ነው። ሃያ ሰባት እህትማማች ከዋክብት አግብቶ፣ በየተራ እያንዳንዷ ዘንድ ማደር ሲገባው ከአንዷ፣ ከሮሂኒ ቤት አልወጣ አለ። «ጨረቃ እየከሳ የሚሄደው አባታቸው ረግሞት ነው» አለችኝ። ሶልያና የተወለደችው ጨረቃ ሮሂኒ ዘንድ ሳለ ነው፤ ትርጉሙ ውበት፣ ጥጋብ፣ መወደድ ነው። የእኔ ኮከብ ደግሞ ሌላዋ እህት ጅዬሽታ ሆነች፣ «ታላቂቱ» ማለት ነው። ጅዬሽታ ለቤተሰቡ ጃንጥላ ሆና ታስጠልላለች፤ ሮሂኒ ስትወደድ ግን ዳር ቆማ በቅናት ትንገበገባለች። ሳቅሁ፤ ሳቄ አልዘለቀም።

ቀጥላ አንቺ የተወለድሽበትን ሰዓት ጠየቀችኝ። አፌ ቀደመኝ። ሊነጋ ሲል ነው አልኳት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ መብራት ጠፍቶ በኩራዝ። ስትወለጂ ዝም ብለሽ ነበር፤ ከደረቴ ላይ ሲያነሱሽ ነው ያለቀስሽው።

«የእህቱን ልደት እንዲህ የሚያስታውስ ማን አለ?» አለችኝ ላታ። ፎጣ ማጠፏን ትታ እጄን ያዘችኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

እህቴ፣ ባንቺ አልቀናሁም፤ በሶልያናም አይደለም። የቀናሁት በእማዬ ነው። አንቺን አቅፋ አሳደገች፤ ይበቃት ነበር።

የእማዬ ቪዛ አልቆ ከሸኘናት በኋላ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ማንንም ሳትጠይቂ ልጅቷን እጄ ላይ አስቀምጪልኝ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ሶልያና አፏን ፈትታ «እማዬ» ስትልሽ ለመስማት ያብቃሽ።

እህትሽ