ካሴት አራት በሦስት ክፍል

ኔታንያ፣ ኤይን ሀትኽሌት

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? አባትህስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይ? እኅትህ ሀዳስስ በሰላም ተገላገለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ክረምቱን ትንሽ ስታስል ከርማ አሁን ድናለች።

ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ ደብዳቤ መምጣቱ ይገርምህ ይሆናል። በዕብራይስጥ ብጽፈው ለሁለታችንም ይቀል ነበር። ነገር ግን የተለያየነው በአማርኛ ነውና በአማርኛ ልጨርሰው ብዬ ነው። ማንበቡ ከከበደህ አባትህ ያንብቡልህ።

ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ልንከራየው ላሰብነው ቤት የሰበሰብነውን የሙዚቃ ዕቃ አትረሳውም። ከተለያየን በኋላ በካርቶን አድርገህ በሀዳስ እጅ ላክህልኝ፤ ሦስቱን አሮጌ ስፒከሮችና ያንተን የድሮ ላፕቶፕ። እስከ ፋሲካ አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። ከበዓሉ በኋላ እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ገባችና፣ “ይህን ሣጥን ወይ ክፈቺው ወይ ቅበሪው፤ ቤቴ መቃብር አይደለም” አለችኝ። ከፈትሁት።

ላፕቶፑን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥሁት። ሙዚቃው ሁሉ እሱ ውስጥ ነው፤ የሚያጫውተው ፕሮግራምም በነፃ የሚገኝ ነው። ለየስፒከሩ አንዳንድ አሮጌ ስልክ ሰካሁለት፤ ስልኮቹ ከላፕቶፑ እየተቀበሉ ያሰማሉ። የእናቴ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ወጥ ቤት ገባ። የእኔ መኝታ ክፍል ማማድ፣ የቤቱ መጠለያ ክፍል፣ ስለሆነ አስቸገረኝ። ለሮኬት ተብሎ የተገነባ ግድግዳ ዋይፋይም አያሳልፍም፤ በበሩ ሥር ሽቦ ጎተትሁ። ከዚያ ደግሞ የወጥ ቤቱ ድምፅ ከሳሎኑ እየዘገየ፣ ኮሪደር ላይ ስቆም አንዱ ዘፋኝ ሁለት ሆነብኝ። እዚያው ቆሜ መዘግየቱን ከስልኬ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስሁ አንድ አደረግሁት። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ በራሱ እንዲዘጋ አዘዝሁት። ሱቅ ውስጥ አብረን ያየነው ውድ ዕቃ ከዚህ የበለጠ የሚሠራው ነገር የለም።

ልሞክረው ብዬ፣ ያለውን ሁሉ ሳይመርጥ እንዲያጫውት አደረግሁ። ማሲንቆ መጣ፣ አንተ የምትወዳቸው የዕብራይስጥ ዘፈኖች መጡ። ጥቂት ቆይቶ እናቴ ወጥ ቤት ሆና፣ “ደህና ዋሉ እመት፣ እርስዎስ?” ስትል ሰማኋት። ማን መጣ ብዬ ብገባ ሰው የለም። ሽንኩርት በእጇ ይዛ ስፒከሩን ሰላም ትላለች። ቀድሞ ሰላም ያላት እሱ ነበርና።

አያትህ ወርቅአፈራሁ ናቸው። አባትህ በሱዳን በኩል እዚህ ከገቡ በኋላ እናታቸው ከጎንደር በካሴት የላኩላቸው መልእክት ነው፤ ካሴቶቹን ወደ ላፕቶፑ የገለበጥሃቸው አንተ ነህ። ይህ አራተኛው ካሴት የደረሰው ከሞታቸው መርዶ በኋላ እንደሆነ፣ አባትህም እስከ ዛሬ ሊሰሙት እንዳልደፈሩ የነገርኸኝም አንተ ነህ።

“ልጄ፣ ዘር ቁጠሪልኝ ብለህ ልከህብኛል፤ ደግ አደረግህ” ይላሉ። “በሰው አገር ልጆቻችሁ ሳይተዋወቁ እንዳይጋቡ ልቁጠርልህ።” ይቆጥራሉ። የቅድመ አያቴ ስም ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና እንዲህ ይላሉ፦ “እሱን አገሩ ሁሉ ወንድሜ ይለዋል። እኔም ወንድሜ እላለሁ። ወላጆቹ በበሽታ ዘመን አልቀውበት አባቴ አንሥቶ ያሳደገው ነው እንጂ በደም አንገናኝም። ልጆቻችን ቢጋቡ ነውር የለበትም። ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልቀረም፤ አንተ ያዘው።”

የተለያየን ጊዜ፣ ያን ሐሙስ፣ በአባትህ ሳሎን የሆነውን ልድገምልህ፤ በሌላ መንገድ ትዝ ይልህ እንደሆነ። ዘር ቆጣሪው ሽማግሌ አቶ ምንይችል በጣታቸው ቆጠሩ። “የሱ አያትና የሷ ቅድመ አያት እኅትና ወንድም ናቸው። ሰባት ትውልድ ሳይሞላ ጋብቻ የለም” አሉ። እኔ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅሁ። “ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ሽማግሌ ትመረምራለች!” ብለው ሳቁብኝ። አንተ አንገትህን ደፍተህ፣ “የሽማግሌ ቃል ነው፤ ምን ላድርግ” አልህ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንተ አታውቅም። ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ወይዘሮ አገኘሁሽ ሰው በተሰበሰበበት፣ “አንቺዬ፣ ከወንድምሽ ጋራ ነበር አሉ የከረምሽው” አለችኝ። ሂሳቤን ሰጥቼ ሄድሁ። እናቴ ሰርግ መሄድ ትታለች።

ስለዚህ አቶ ምንይችልን ቤታችን ጠራኋቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም፤ ሳሎን አስቀመጥሁና ካሴቱን ከፈትሁት። ድምፁን ሲሰሙ ብድግ አሉ። “ወርቅአፈራሁ! የት ነው ያለሽ?” እያሉ ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። እዚያም አሉ። ወደ ማማዱ ሄዱ፤ እዚያም። “ይች ሴት በየጓዳው ቀድማኝ ትገባለች እንዴ!” ሲሉ፣ እናቴ ከስምንት ወር በኋላ ስትስቅ አየኋት። ከዚያ ተቀምጠው ከመጀመሪያው አሰሙኝ አሉ። ሲያልቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “በዘር ቆጠራ የሚበልጠኝ የለም እል ነበር፤ ሞታ በለጠችኝ። ልጄ፣ በድዬሻለሁ” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “ያ ምስኪን ልጅ ይህን ሳይሰማ!” አሉ።

ቡና ቀዳሁላቸው።

ፕሮግራሙ የሚያጫውተውን ሁሉ ከነቀኑ ይመዘግባል። ይህን ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። ካሴት አራት፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ሐሙስ በፊት በነበረው ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ተሰምቷል። ላፕቶፑ ያን ጊዜ አንተ ጋ ነበር። ይህን ለአቶ ምንይችል አላሳየሁም። ለእናቴም አላሳየሁም።

በመጪው እሑድ አቶ ምንይችል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው አባትህ ቤት ይመጣሉ። ስሕተታቸውን በአደባባይ ሊያርሙ፣ “መንገዱ ክፍት ነው፣ ደስ ይበላችሁ” ሊሉ ነው። ካሴቱንም ለአባትህ ያሰማሉ፤ የእናታቸውን ድምፅ ሲሰሙ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አጠገባቸው ሁን። የእኔን ፈቃድ አስቀድመው ጠይቀውኝ ነበር። “መጀመሪያ እሱን ጠይቁት፤ እኔ ከእሱ በኋላ እመልሳለሁ” አልኋቸው።

እንግዲህ የሚቆጠር ዘር የለም። “አልፈልጋትም” አንድ ቃል ነው። ያን ጊዜ ብትለው ኖሮ አለቅስ ነበር፤ ገበያ ላይ ግን ማንም ስለ ወንድሜ አይጠይቀኝም ነበር። እሑድ በራስህ አፍ፣ አባትህ እየሰሙ ትለዋለህ። እፈልጋታለሁ ካልህም በል፤ የእኔን መልስ ያን ጊዜ ሁላችሁም ትሰማላችሁ።

ፈጣሪ ለአባትህ ብርታት፣ ለሀዳስ የሚያድግ ልጅ ይስጥልኝ። ለአንተም አንደበት ይስጥህ።

ዘመድህ ያልሆንሁት