ጳጉሜንን የዋጠው ቀን መምረጫ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ለማንም ያልነገርኩት ይኸው። የክሊኒኩ የቀጠሮ ሲስተም ላይ ያለውን ቀን መምረጫ እኔ አልሠራሁትም። ሌሎች ሠርተው ከሚያስቀምጡት የገጽ ዕቃ ነው፤ ላይብረሪ የምንለው። የእኛ ወራት አሉት፣ ግን ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ነው የሚለው። ሆዱን ከፍቼ ጳጉሜንን በእጄ ጨመርኩበት። የሰው ላይብረሪ እንዲህ አይነካም፤ አዲስ ቨርዥን ሲጫን የነካኸው ሁሉ ይጠፋል። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። የባለቤቴን አርባ ባወጣሁ ሳምንት ነበር። ግን ሐዘን አላሳሳተኝም፤ ስንፍና ነው። የክሊኒኩ ሰዎች ሲያመሰግኑኝ ምስጋናውን ወሰድኩ።

አሁን አቤል ፍሬምወርኩን፣ ሲስተሙ የቆመበትን መሠረት፣ እናሳድግ ይላል። ደብረ ታቦር ሆኖ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። አሮጌው ጥገና ቀርቶበታል፣ እውነቱን ነው። ፍሬምወርኩ ካደገ ደግሞ ላይብረሪዎቹም መለወጣቸው ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ቅዳሴ እስኪገባ ከአቤል ጋር በስልክ ላይብረሪ ስናማርጥ ቆየን። አንዱ ያምራል፣ የሚጠግኑት ብዙ ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር ግን ጨርሶ አያውቅም። ሌላው የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ሰውየው ትቶታል፣ በአዲሱ ፍሬምወርክ ላይ አይነሣም። የቀረው እኔ የነካሁት የድሮው ነው፣ አዲስ ቨርዥን የወጣለት። አቤል፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እስከ ዛሬ አላስቸገረንም። ምን ያለፋናል?» አለ።

እሺ አልኩት። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ልቤ እዚያው ስልኩ ላይ ነበር።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

አቤል አዲሱን ትናንት ጭኖታል። ገብቼ አየሁ። ጳጉሜን የለም።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ኮድ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ቀን መቁጠር ማን ብሏቸው። «ጳጉሜን ከሌለ ሩፋኤልን የት ልታውሉት ነው?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያባራ፣ ለእኔ መንገርህ ለነፍስህ ነው፣ ቀጠሮው ግን የበሽተኞቹ ነው አሉኝ።

ነገ እናገራለሁ። ዓርብም እንዲሁ ብዬ ነበር።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

አረፈድኩ። ሚካኤልን ሳስቀድስ ነው እንዳልል፣ ደጁ ላይ የቆየሁት ፈርቼ ነው።

ክሊኒክ ስደርስ ሲስተር ውዴ የጠዋቶቹን ሸኝታለች። የስኳር በሽተኞች ለሦስት ሳምንት መርፌያቸውን ይዘው ሄደዋል። ቀጠሯቸው ጳጉሜን 3 መሆን ሲገባው ወረቀቱ መስከረም 3 ይላል። አምስት ቀን ያለ መድኃኒት።

«ሲስተር፣ ቀኑ ተሳስቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የቆየ ነው» አልኳት። ወረፋ የያዘው ሰው ይሰማል። ስልኩን አንሥታ መደወል ጀመረች። ሁሉንም አገኘን፣ ከአንድ ሰው በቀር። ከቤተ ልሔም መንደር የመጡት አቶ ሞላ ስልካቸው ዝግ ነው።

ለአቤልም ደወልኩ። ነገሩን ስነግረው፣ «ዓርብ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለ። አሮጌውን ወደ ቦታው መለስነው። የገጹን ሰንጠረዥና የሚጫኑትን ቁልፍ ከዚያ ከሚያምረው ላይብረሪ እንወስዳለን፤ ቀን መምረጫውን ግን ራሳችን ጽፈን ሁለታችንም በምናየው ቦታ እናኖራለን። እንዲህ ተባባልን። ድምፁ አሁንም እንደ ቀድሞው አይደለም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

በመጀመሪያው መኪና ቤተ ልሔም ሄድኩ። አቶ ሞላን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግንብ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀታቸውን ተቀብዬ መስከረምን ሰርዤ ጳጉሜን ብዬ ጻፍኩ። ነገሩን ሳስረዳቸው፣ «ፍልሰታው አልበቃ ብሎ መርፌዬንም ልታስጾም ኖሯል?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው የማን ስሕተት እንደሆነ ጠየቁኝ።

የማሽኑ ማለት ቀላል ነበር።

የእኔ ነው አልኳቸው።